የምናባዊ ከተማ ካርታ ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በራሱ ምናብ የፈጠረውን ዓለም ይዞ የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያትን ወክለው ታሪክ በጋራ የሚፈጥሩበትን ጨዋታ) የሚመራ ሰው መንደሩንና ዋሻውን በአንድ ምሽት ስሎ ይጨርሳል፤ ተጫዋቾቹ ወደ ትልቅ ከተማ ሊገቡ መሆናቸውን ሲያውቅ ግን ብዙውን ጊዜ የሌላ ሰው ካርታ ፍለጋ ይነሣል። ይህ ፍለጋ ሳምንታት የሚፈጀው ካርታ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ካርታው በጨዋታው ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ አስቀድሞ ስለማይወሰን ነው። ከዚህ በታች የተነሡት አመለካከቶች ጀማሪውንም ልምድ ያለውንም የጨዋታ መሪ የሚያሳስቱ ናቸው።

«ጥሩ የከተማ ካርታ እያንዳንዱን ቤትና ሱቅ በስም የሚያሳይ ነው»

ተጫዋቾች ስለ ከተማ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ በየት እንገባለን፣ በየት እናመልጣለን፣ ይህ ሰፈር የማን ነው፣ እዚያ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል። አሜሪካዊው የከተማ ፕላን ምሁር ኬቨን ሊንች የቦስተን፣ የጀርሲ ሲቲና የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ከተማቸውን በአእምሯቸው እንዴት እንደሚስሉ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ሥራ፣ ሰው ከተማን የሚያስታውሰው በአምስት ነገሮች መሆኑን አስረድቷል፤ እነዚህም መንገዶች፣ እንደ ግንብና ወንዝ ያሉ ወሰኖች፣ ሰፈሮች፣ እንደ አደባባይ ያሉ መገናኛዎች እና ከሩቅ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ተጫዋችም ከዚህ የተለየ ነገር አይዝም። ስለዚህ ካርታ ሲመረጥ መታየት ያለበት እነዚህ አምስቱ በአንድ እይታ ተለይተው መውጣታቸው ነው። ስም ያልተጻፈባቸው ሺህ ቤቶች መኖራቸው አይጎዳም፤ የሚጎዳው እያንዳንዱ ቤት ሌላ ሰው ባወጣው ስም ተሞልቶ ለመሪው የራሱን ታሪክ የሚያስገባበት ባዶ ቦታ ሲያጣ ነው።

«ውጊያውንም በዚያው ካርታ ላይ ማካሄድ ይቻላል»

ይህን ለማረም ትንሽ ስሌት ይበቃል። በብዙ የሚና ጨዋታዎች የውጊያ ካርታ አንድ ኢንች ስፋት ያለው ካሬ 5 ጫማን፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ገደማን ይወክላል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር የሆነች መካከለኛ ከተማ በዚህ ልክ ብትሳል 656 ያህል ካሬዎች ትይዛለች፤ ወረቀት ላይ ብትታተም ደግሞ ከ16 ሜትር በላይ ትረዝማለች። በኮምፒውተር ለሚጫወቱም ነገሩ አይቀልም፤ ለአንድ ካሬ 70 ፒክስል ቢመደብ የምስሉ ወርድ ወደ 46 ሺህ ፒክስል ይደርሳል። ስለዚህ ለከተማው አንድ አጠቃላይ ካርታ፣ ለውጊያው ደግሞ ጠባብ መተላለፊያ፣ ገበያ፣ ድልድይና የቤት ጣራ የሚያሳዩ አራት ወይም አምስት ትናንሽ ካርታዎች ለየብቻ መፈለግ ይሻላል። እነዚህ ትናንሾቹ በየሰፈሩ ደጋግመው ያገለግላሉ፤ ለነገሩ አንድን መተላለፊያ አዙረው ሲያስቀምጡት የሚያውቅ ተጫዋች እምብዛም አይገኝም።

«የእውነተኛ ከተሞች አሮጌ ካርታ ለምናባዊ ዓለም አይሆንም»

በእኔ ግምት ትልቁን ሀብት የሚያስቀረው ይህ አመለካከት ነው። ጃምባቲስታ ኖሊ እ.ኤ.አ. በ1748 በ12 የመዳብ ሰሌዳዎች ያሳተመው የሮም ካርታ የአብያተ ክርስቲያናትን ውስጥ እንደ ጎዳናው በነጭ ስለሚያሳይ፣ የሚሸሽ ተጫዋች በአንዱ በር ገብቶ በሌላው መውጣት መቻል አለመቻሉን መሪው በቀጥታ ከካርታው ያነባል። እንዲህ ዓይነቱን መረጃ ለጨዋታ ተብለው በተሳሉ ካርታዎች ላይ ማግኘት ብርቅ ነው። ሉዊ ብሬቴ የሳለውና እ.ኤ.አ. በ1739 የታተመው የፓሪስ ካርታ ደግሞ በ20 ገጾች ላይ ከተማዋን ከአየር እንደሚመለከት ሰው አድርጎ ቤቶቹን ከነመስኮታቸው ያሳያል። ጌዮርግ ብራውንና ፍራንስ ሆገንበርግ እ.ኤ.አ. ከ1572 እስከ 1617 ባወጧቸው ስድስት ቅጾች ውስጥም ከ500 የሚበልጡ የከተማ ምስሎች ይገኛሉ። እንዲህ ያሉ ካርታዎች በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለው የዴቪድ ራምዚ የካርታ ስብስብ ውስጥ በከፍተኛ ጥራት ተቀርጸው ይታያሉ።

ተጫዋቹ ከተማዋን ያውቃታል የሚለው ስጋት መሠረት ቢኖረውም መፍትሔው ቀላል ነው። ምስሉን እንደ መስታወት መገልበጥ፣ ሰሜኑን ወደ ምሥራቅ ማዞር፣ ወንዙን ገደል ማድረግ፣ ስሞቹን አጥፍቶ የራስን መጻፍ ይበቃል። ያኮፖ ደ ባርባሪ እ.ኤ.አ. በ1500 በስድስት የእንጨት ማተሚያ ሰሌዳዎች ያሳየው የቬኒስ ምስል እጅግ ማራኪ ነው፤ ነገር ግን የከተማዋ አጠቃላይ ቅርጽ ዓሣ ስለሚመስልና ብዙ ሰው ስለሚለየው ከእሱ አንድ ሰፈር ብቻ ቆርጦ መውሰድ ይመረጣል።

«ምናባዊ ከተማ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓን መምሰል አለበት»

ፍለጋው ሁልጊዜ ጠማማ መንገድና የድንጋይ ግንብ ብቻ የሚያመጣው ፈላጊው እነሱን ብቻ ስለሚጠይቅ ነው። ኸሊፋ አል መንሱር እ.ኤ.አ. በ762 ያስጀመራት ባግዳድ አራት በሮች ያሏት ክብ ከተማ ነበረች። በቻይና የታንግ ሥርወ መንግሥት ዋና ከተማ ቻንግአን ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች ተከፍላ ከ100 በላይ በግንብ የታጠሩ ሰፈሮች ነበሯት፤ የሰፈሮቹም በሮች ሲመሽ ከበሮ እየተመታ ይዘጉ ነበር። ከዚህ የተሻለ የሌሊት ጀብዱ መነሻ የሚፈልግ የጨዋታ መሪ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ስፋትንም በሚመለከት እነዚሁ ከተሞች ያስተምራሉ። ትልቅ ከተማ ሁሉ እጅግ ሰፊ ይመስለናል፤ ይሁን እንጂ የመካከለኛው ዘመን የፈረንሳይ ንጉሥ ፊሊፕ ኦገስት ያስገነባው ግንብ የከበባት ፓሪስ 250 ሄክታር ያህል ብቻ ስለነበረች፣ አንድ ሰው ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በእግሩ ያቋርጣት ነበር። ቻንግአን በአንጻሩ 84 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለነበረች ለማቋረጥ ሁለት ሰዓት ያህል ትጠይቃለች። የተገኘው ካርታ የርቀት መለኪያ ከሌለው መሪው ራሱ ሊሰጠው ይገባል፤ ያለዚያ «ስንት ደቂቃ ይወስዳል?» ለሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ የተለያየ መልስ ይሰጣል።

«ጄኔሬተር የሚያወጣው ካርታ ነፍስ የለውም»

ዋታቡ በሚል ስም የሚታወቀው የጨዋታ ፈጣሪ በነፃ ያቀረበው የመካከለኛው ዘመን ከተማ ጄኔሬተር (ካርታን በራሱ የሚስል ፕሮግራም) ግንብ፣ ምሽግ፣ ገበያና ሰፈሮች ያሉት ካርታ በቅጽበት ያወጣል፤ ፋይሉም በፒኤንጂ ወይም በኤስቪጂ የምስል ቅርጸት ሊወርድ ይችላል። የኤስቪጂው ቅጂ መስመሮቹን እየነጠሉ ለማረም ያመቻል። ጄኔሬተሩ የማያውቀው ከተማዋ ለምን እዚያ ቦታ እንደተቆረቆረች ነው። ማዕድን ነው፣ ወደብ ነው፣ ወይስ የንጉሥ መቃብር? መሪው ይህን ከወሰነ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ነገሮችን ቢለውጥ ነፍሱ ይመጣል። የካርታውን የዘር ቁጥር (ጄኔሬተሩ ካርታውን ለማውጣት የተነሣበትን ቁጥር) መመዝገብ አይዘነጋ፤ ያንኑ ከተማ መልሶ ማግኘት የሚቻለው በእሱ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሣለ ምስል ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ ከሩቅ ያምራል፣ ቀረብ ሲሉት ግን መንገዶቹ የትም ሳይደርሱ የሚቋረጡበት፣ ጽሑፎቹም የማይነበቡበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ከካርታነት ይልቅ ለሽፋን ሥዕልነት ይስማማል።

«ኢንተርኔት ላይ የተገኘ ካርታ ሁሉ ነፃ ነው»

አንድን ካርታ ማንም አውርዶ ሊያየው መቻሉ መልሶ ለማሳተም ፈቃድ ተሰጥቶታል ማለት አይደለም። በቤት ውስጥ ከጓደኞች ጋር መጫወት ብዙም ችግር አያስነሣም፤ ጀብዱውን አሳትሞ መሸጥ ወይም ጨዋታውን በቪዲዮ ማሰራጨት ሲመጣ ግን ፈቃዱን ማንበብ ግድ ይሆናል። ፈጣሪዎች ሥራቸውን ሌሎች በቅድመ ሁኔታ እንዲጠቀሙበት በሚፈቅዱባቸው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ውስጥ አንዳንዶቹ ንግድን፣ አንዳንዶቹም የተለወጠ ሥራ ማሰራጨትን ይከለክላሉ፤ በኋለኛው ሥር የሚገኝ ካርታ ላይ ስሞችን ቀይሮ ማሰራጨት አይፈቀድም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ካርታ የቅጂ መብት ዘመኑ ቢያልፍም፣ ምስሉን ያቀረበው ተቋም የራሱን የአጠቃቀም ደንብ ሊያስቀምጥ ስለሚችል እሱንም ማየት ያስፈልጋል።

ካርታው ከተገኘ በኋላ ደግሞ አንድ ቅጂ ለመሪውም ለተጫዋቾቹም ይበቃል ተብሎ ይታሰባል። ይህም ስህተት ነው፤ የመሪው ቅጂ የሌቦቹን መሸሸጊያና የምሥጢር ዋሻውን ይይዛል፤ ለተጫዋቾች የሚሰጠው ግን በሮቹን፣ ዋና ጎዳናዎቹንና ከሩቅ የሚታየውን ግንብ ብቻ ቢያሳይ በቂ ነው። የቀረውን በእርሳስ እየጨመሩ ይሄዳሉ፤ የሳቱትንም መሪው ሳያርም ይተወዋል።