በረጃጅም የደች ጥምር ቃላት የቀለም አከፋፈልና አጽንኦት ምንድን ነው?

«ረጅም የደች ቃል ሲገጥማችሁ ከፊት ጀምራችሁ እንደ ፊደል ገበታ ቆጥራችሁ አንብቡት፤ አጽንኦቱንም ምንጊዜም በመጀመሪያው ቀለም ላይ አሳርፉ» የሚለውን ምክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቀለም ስል በአንድ አናባቢ ዙሪያ አንድ ላይ የሚነገረውን የቃል ክፍል (ሲላብል) ማለቴ ነው፤ አጽንኦት ደግሞ አንዱን ቀለም ከሌሎቹ አጉልቶ መጥራት ነው። ኔዘርላንድ ገብተው ቋንቋውን የሚማሩ ወገኖቻችን ይህን አምነው ሲናገሩ አድማጩ ቃሉን ሳይለየው ስለሚቀር፣ ስሕተቱ ዝም የሚባል አይደለም።

ጥምር ቃል አስቀድሞ የሚከፈለው ቃላቱ በተጋጠሙበት ቦታ ነው፤ ወደ ቀለም መከፋፈሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የዶሮ ብልት የሚያወጣ ሰው ቢላውን መገጣጠሚያው ላይ ያሳርፋል እንጂ አጥንት አይሰብርም፤ እዚህም እንደዚያው ነው። የቤተሰብ ሐኪም ማለት የሆነው «ሃይስአርትስ» ሃይስ–አርትስ ተብሎ ይከፈላል እንጂ ሃይ–ሳርትስ አይባልም። ሁለቱን ቃላት ለማያያዝ የሚገባው «ስ»ም ከፊተኛው ብልት ጋር ይቀራል፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሚባለው ፈርብሌይፍስ–ፈርኽኒንግ ለዚህ ምስክር ነው። ቢላው በአንድ ድምፅ ብቻ ቢስት እንኳ ሌላ ነገር ይወጣል፦ ፋል–ካይል የወጥመድ ጉድጓድ ሲሆን፣ ፋልክ–አይል ብሎ የከፈለው ሰው ጭልፊትንና ጉጉትን አጣምሮ ያገኛል። በእርግጥ በፈጣን ንግግር መገጣጠሚያው ሊላላ ይችላል፤ የምናገረው ጥንቃቄ ስላለበት አነጋገር ነው።

ብልቶቹ ደግሞ ማዕረግ አላቸው። ዋናው አጽንኦት በአብዛኛው ለፊተኛው ቃል ይሰጣል፤ ይሁንና የሚያርፈው ያ ቃል ለብቻው ሲነገር በሚጎላው ቀለሙ ላይ ነው እንጂ የግድ በመጀመሪያው ቀለም ላይ አይደለም። «አጽንኦቱ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ ነው» ብሎ የሚሟገተው ሰው የግብር መሥሪያ ቤቱን «በላስቲንግዲንስት» እንዴት ሊጠራው ነው? የሚጎላው «ላስ» ነው፤ «በ» ፈዛዛ ናት። በ«ኸሜንተሃይስ»ም፣ ማለትም በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ስም፣ የሚጎላው «ሜን» ነው። ኋለኛው ቃል አጽንኦቱን ጨርሶ አያጣም፤ በማዕረግ ዝቅ ይላል እንጂ። በአማርኛ አጽንኦቱ ደካማ በመሆኑ ሁሉንም ቀለም እኩል የመርገጥ ልማድ አለን፤ ችግሩም በብዙው ከዚህ ይመነጫል።

ደንቡን የሚያፈነግጡም አሉ። ከ«ኸሜንተሃይስ» ጋር በትርጉም የሚቀራረበው «ስታትሃይስ» የሚጎላው በመጨረሻው ቀለም ላይ ነው፤ «ቡረንኮል» የተባለው የጎመን ዓይነትም እንዲሁ። እነዚህን እንደ ተነገሩ ከመያዝ በቀር ሌላ መንገድ የለም።

በደች ጽሕፈት ሁለት ጊዜ የሚደገም ተነባቢ እንደ አማርኛው እንደማይጠብቅም መታወቅ አለበት፤ የሚያመለክተው ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ብቻ ነው።