ብቻ መሆንና ብቸኝነት አንድ አይደሉም

«ጎረቤቱ ሙሉ፣ ቡናው በየቀኑ፤ ታዲያ ወሎ ውስጥ ሰው እንዴት ብቸኛ ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለመጣ ላብራራው።

ብቻ መሆን አጠገብ ሰው ማጣት ነው። ብቸኝነት ግን ስሜት ነው፤ የምንፈልገው ቅርበትና ያለን ቅርበት ሳይገጥም ሲቀር የሚሰማን ሕመም። ሰው መሃል ተቀምጠንም ይመጣል።

የኑሮ ችግር ከብቸኝነት ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ከቆቦ ለሥራ ኮምቦልቻ የመጣ ወጣት አስቡ። ደመወዙ ከቤት ኪራይ አያልፍም። የቅሬ (የእድር) መዋጮ ሲያልፈው ያፍራል። ቡና ሲጠሩት ባዶ እጁን መሄድ ይከብደውና «ሥራ አለብኝ» ይላል። ሁለቴ ሦስቴ ሲቀር መጥራቱም ይቆማል። ማንም አልጠላውም። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ፣ እፍረቱ ከውጭ ሲታይ ኩራት መምሰሉ ነው። መዋጮ ያቋረጠን ሰው ከመቅጣት በፊት ቤቱ ሄዶ መጠየቅ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ100 ሰው 24 ያህሉ ብቸኝነት ይሰማዋል። በሀብታሞቹ 11 ያህሉ ነው።

እርግጡ ነገር፦ ችግር አእምሮን ይጫናል፣ የአእምሮ ሕመምም ሥራ ያሳጣል። ማን ምን ያህል እንደሚጎዳ ግን ይለያያል። የተቸገረ ሁሉ አይታመምም። ብቸኝነትም በራሱ በሽታ አይደለም። ሐዘኑ ወይም የሚወዱት ነገር ማስጠላቱ በየቀኑ ማለት ይቻላል ለሁለት ሳምንት ከቀጠለ ግን ድብርት ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ለዚያ ሲባል ጸበሉን ወይም ዱአውን መተው የለባችሁም።