የፓርቲ ማንነት ምንድን ነው? የአሜሪካ መራጭ ከሐሳቡ በፊት ወገኑን እንዴት ያገኛል?

«በጥቅሉ ሲታይ፣ ራስዎን የሚቆጥሩት እንደ ሪፐብሊካን ነው፣ እንደ ዴሞክራት፣ እንደ ገለልተኛ ወይስ እንደ ሌላ?»

የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ከ1952 ጀምሮ ለአሜሪካ መራጮች ሲያቀርቡ ኖረዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አጠያየቁን ልብ በሉ። «ማንን ይመርጣሉ?» አይልም። «የፓርቲ አባል ነዎት?»ም አይልም። የሚፈልገው ሰውየው ራሱን የማን ወገን አድርጎ እንደሚያይ ነው። የፓርቲ ማንነት ይሄው ነው። እኛ ከምናውቀው የፓርቲ አባልነት ጋር አይገናኝም። መታወቂያ የለውም፣ ወርሃዊ መዋጮ የለውም፣ ስብሰባም የለውም። በሰውየው ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ልብ ውስጥ ያለን ነገር ታዲያ እንዴት ይለኩታል? ጠያቂው በመጀመሪያው መልስ አያበቃም። ዴሞክራት ወይም ሪፐብሊካን ነኝ ላለው «ጠንካራ ነዎት ወይስ ያን ያህልም አይደሉም?» ይለዋል። ገለልተኛ ነኝ ላለው ደግሞ «ለየትኛው ይቀርባሉ?» ይለዋል። ከዚህ ሰባት ደረጃ ያለው መለኪያ ይወጣል። በአንዱ ጫፍ ጠንካራ ዴሞክራት፣ በሌላው ጠንካራ ሪፐብሊካን፣ መሃል ላይ ወደ የትም የማያዘነብል ሰው ይቀመጣል።

ለገለልተኛው የምትቀርበውን ሁለተኛዋን ጥያቄ አትናቋት። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ጋሉፕ በ2024 ባሰባሰባቸው መጠይቆች 43 በመቶው አሜሪካዊ ገለልተኛ ነኝ ብሏል። ዴሞክራቱም ሪፐብሊካኑም እያንዳንዳቸው 28 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው አገሩ ፓርቲ የሚባል ነገር አንገሽግሾታል ይላል። ግን «ወደ ማን ያዘነብላሉ?» ሲባሉ አብዛኞቹ አንዱን ይጠራሉ። ድምፅ ሲሰጡም ከለየለት ደጋፊ ብዙም አይለዩም። የምር መሃል ላይ ያለው ከአስር ሰው አንድ ያህል ነው። ስለዚህ በምርጫ ሰሞን «ገለልተኞቹ ይወስናሉ» የሚል ዜና ስታዩ መጀመሪያ የትኞቹን እንደቆጠረ ጠይቁ።

ይህ ስሜት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ነው። በ1965 ተመራማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂ ተማሪዎችንና ወላጆቻቸውን ለየብቻ ጠየቁ። በፖሊሲ ጉዳዮች ላይ የልጅና የወላጅ አስተያየት ያን ያህል አልተመሳሰለም። ፓርቲያቸው ግን በእጅጉ ተመሳሰለ። ልጁ የወረሰው ክርክሩን ሳይሆን ወገኑን ነው፤ ሃይማኖቱን ከቤት እንደሚወርስ ማለት ነው።

አንዴ ከያዘም ቶሎ አይለቅም። የደቡብ ግዛቶችን እዩ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ሪፐብሊካን ማለት ደቡብን ድል ያደረገው የሊንከን ፓርቲ ስለነበር፣ የደቡብ ነጮች ለመቶ ዓመት ያህል ዴሞክራት ሆነው ኖሩ። በ1964 ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የዘር መድልዎን የሚከለክለውን የሲቪል መብቶች ሕግ ፈረሙ። በዚያው ዓመት ሕጉን የተቃወመው የሪፐብሊካኖች የፕሬዚዳንት ዕጩ ባሪ ጎልድዋተር ከትውልድ ግዛቱ ከአሪዞና ሌላ ያሸነፈው በአምስት የደቡብ ግዛቶች ብቻ ነበር። ሁሉ ነገር በአንድ ጀምበር የተገለበጠ ይመስላል። ግን ብዙዎቹ ለፕሬዚዳንት ሪፐብሊካን እየመረጡም ራሳቸውን ዴሞክራት ማለታቸውን አልተዉም። ሪፐብሊካኖች ከደቡብ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች አብዛኛውን የያዙት በ1994 ምርጫ ነው። ሰላሳ ዓመት! ለውጡ በከፊል የመጣውም ሽማግሌዎቹ ሐሳባቸውን ቀይረው ሳይሆን፣ በእነሱ እግር አዲስ ትውልድ ስለተተካ ነው።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሰው ሐሳቡን ይዞ ፓርቲ ይመርጣል ብለን እናስባለን። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ጄፍሪ ኮኸን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2003 ባሳተመው ጥናት፣ ለተማሪዎች ስለ ድሆች ድጎማ የቀረበ ዕቅድ አስነበበ። አንዱ ዕቅድ ለጋስ ነው፣ ሌላው ቆጣቢ። የትኛው ፓርቲ እንደደገፈውም አብሮ ተጻፈ። ለዘብተኞቹ (ሊበራሎቹ) «ዴሞክራቶች ደግፈውታል» ሲባሉ ቆጣቢውንም ተቀበሉ። ወግ አጥባቂዎቹ «ሪፐብሊካኖች ደግፈውታል» ሲባሉ ለጋሱንም ተቀበሉ። ለምን ሲባሉ ደግሞ የዕቅዱን ይዘትና የራሳቸውን አመለካከት ጠቀሱ እንጂ ፓርቲዬን ተከትዬ ነው ያለ የለም ማለት ይቻላል። ውሸታቸውን አልነበረም፤ የምር እንደዚያ መስሏቸው ነው።

ኪስን የሚነካ ጉዳይም ከዚህ አያመልጥም። ዶናልድ ትራምፕ በኅዳር 2016 ሲመረጡ፣ ገና ቢሮ ሳይገቡ፣ ሪፐብሊካኖች ስለ ኢኮኖሚው የነበራቸው ግምት ወዲያው ተሻሻለ። ገበያው ያው ነው፣ ደመወዙም ያው ነው።

ድምፅ መስጫው ላይ ያለው ውጤት ግልጽ ነው። በ2020 ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ በተደረገ መጠይቅ ከዴሞክራቶቹ 94 በመቶው ለባይደን፣ ከሪፐብሊካኖቹም 94 በመቶው ለትራምፕ ድምፅ ሰጥተዋል። በዚህ ሁሉ የማይስማሙ ምሁራንም አሉ። እነሱ እንደሚሉት መራጩ የፓርቲዎቹን ሥራ ዓመት ከዓመት እየመዘነ ሂሳብ ይይዛል፤ ማንነቱም የዚያ ድምር ነው። ይህም እውነትነት አለው። ግን ሂሳብ ያዡ ራሱ ወገን ካለው፣ ሚዛኑ ከመጀመሪያው ያዘነበለ ነው።

ከኢትዮጵያ የመጣ መራጭ ከእናት አባቱ የወረሰው የአሜሪካ ፓርቲ የለውም። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ የታየው ከዚህ ጋር ይያያዛል። የባይደን አስተዳደር በጦርነቱ ጊዜ በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ወገኖቻችን፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። ያንግኪን በሁለት ነጥብ ገደማ አሸነፉ። ሥር ያልሰደደ ማንነት በአንድ ጉዳይ ሊነቃነቅ ይችላል፤ ለተደራጀ ማኅበረሰብ ይህ ጉልበት ነው። እዚያው ተወልደው ያደጉት ልጆች ግን ወገናቸውን ከትምህርት ቤትና ከጓደኛ ያገኙታል፤ ከቤት የሚሰሙት አንዱ ድምፅ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ከስሜቱ ለይታችሁ ያዙ፤ የመራጮች ምዝገባን። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይጠየቅም። ሜሪላንድ ውስጥ ይጠየቃል፤ ፓርቲ ያልመረጠ ሰው በዴሞክራቶችም ሆነ በሪፐብሊካኖች የዕጩ መምረጫ ላይ ድምፅ የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት አባላት በሙሉ ዴሞክራት ናቸው። እዚያ ወንበሩን ማን እንደሚይዝ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ከኅዳሩ ምርጫ በፊት፣ በዕጩ መምረጫው ነው። ልባችሁ የማንም ወገን ባይሆንም፣ ቅጹ ላይ የምታደርጉት ምልክት ያን ቀን ድምፅ እንዳላችሁና እንደሌላችሁ ይወስናል።