ብርድ በሚያንቀጠቅጠው ታካሚ ላይ የሚታየው የጉበትና የጡንቻ ኢንዛይሞች ለውጥ ምንድን ነው?

ትኩሳትና የሚያንዘፈዝፍ ብርድ የያዘው ታካሚ ደሙ ተመርምሮ ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ የተባሉት ኢንዛይሞች ከመደበኛው መጠን በልጠው ሲገኙ፣ ሐሳብ ሁሉ ወዲያው ወደ ጉበት ይሄዳል። እነዚህ ኢንዛይሞች በተለምዶ «የጉበት ኢንዛይም» መባላቸው ግን ያሳስታል፤ ኤኤልቲ በብዛት የሚገኘው በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ቢሆንም፣ ኤኤስቲ በአጥንት ጡንቻ፣ በልብ፣ በኩላሊትና በቀይ የደም ሕዋሳትም ውስጥ ይገኛልና።

ኢንፌክሽን ሲከሰት ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ የሚጠብቀውን የሙቀት ልክ ከፍ ያደርገዋል፤ ሰውነት አዲሱ ልክ ላይ እስኪደርስ ድረስም ታካሚው እየጋለ ሳለ ይበርደዋል፣ ጡንቻዎቹም ሙቀት ለማመንጨት በፍጥነት እየተኮማተሩ ያንቀጠቅጡታል። ብርቱና ረዘም ያለ መንቀጥቀጥ ክሬያቲን ካይኔዝ፣ በአጭሩ ሲኬ፣ የተባለውን የጡንቻ ኢንዛይም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ጭማሪው በጣም ከበዛ ግን መንቀጥቀጡን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይበቃም፤ ኢንፍሉዌንዛና ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ጡንቻን በቀጥታ ሊጎዱ ይችላሉ፣ በጡንቻ ላይ የተወጋ መርፌም ሲኬን ከፍ ያደርጋል።

ስለዚህ ኤኤስቲን ብቻውን ማንበብ አይገባም። ሲኬ አብሮ ከጨመረ ጡንቻ ይጠረጠራል፤ በጡንቻ ውስጥ የማይገኘው ጂጂቲ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ከጨመረ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ጉበትና ወደ ሐሞት ቧንቧ ይዞራል። ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚሰባብር ኤኤስቲንና ቢሊሩቢን የተባለውን፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር በአንድነት ሊያስጨምር ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የዓይን ቢጫ መሆን የግድ የጉበት ጉዳት ምልክት አይሆንም። ናሙናው የተወሰደበት ሰዓትም ትልቅ ዋጋ አለው፤ ኤኤስቲ በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በ17 ሰዓት ገደማ ሲሆን ኤኤልቲ ግን 47 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በመሆኑም ከጡንቻ ጉዳት ጥቂት ቀናት በኋላ የተቀዳ ደም፣ ኤኤስቲ ቀድሞ ስለሚወርድ፣ ከጉበት የመጣ የሚመስል ውጤት ሊያሳይ ይችላል።

በሌላ በኩል፣ ሁሉንም ነገር በጡንቻ አሳብቦ ማለፍ የከፋ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመምና የዓይን ቢጫ መሆን ሲገጣጠሙ፣ የሐሞት ቧንቧ ኢንፌክሽን በአስቸኳይ መፈለግ አለበት፤ ቧንቧውን ለአጭር ጊዜ የዘጋ ጠጠር ኤኤስቲንና ኤኤልቲን በሰዓታት ውስጥ በሊትር ብዙ መቶ ዩኒት ሊያደርሳቸው፣ ካለፈ በኋላም በቀናት ውስጥ ሊመልሳቸው ይችላል።

ሲኬ በሊትር ከ5,000 ዩኒት ሲያልፍ ጥንቃቄው ወደ ኩላሊት ይሻገራል፤ ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣው ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ሽንትን የሻይ ቀለም ያለብሰዋል፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ያለ ሽንት በመመርመሪያ ወረቀት ሲታይ ደም ያለበት መስሎ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቀይ የደም ሕዋስ ታጥቶበት ሊገኝ ይችላል።