ትንሽ ናሙና፣ ትልቅ ጣጣ፦ የሬዲዮካርቦን ልኬት በድሬዳዋ ዙሪያ
ፖርክ-ኤፒክ ከድሬዳዋ በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ወንዝ ከፍ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ነው። ቁፋሮው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ከአፈሩ ከተለቀሙት ነገሮች ለሬዲዮካርቦን፣ ማለትም በሕይወት የነበረን ነገር ዕድሜ ውስጡ በቀረው ካርቦን-14 መጠን ለሚለካው ዘዴ፣ የተመረጠው የየብስ ቀንድ አውጣ ክዳን ነበር፤ ቀንድ አውጣዋ ቅርፊቷ ውስጥ ስትገባ በሯን የምትዘጋበት ጠንካራ ክዳን ማለት ነው። ውጤቱ 40 ሺህ ዓመት ግድም መጣ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ካርቦን-14 ቀስ በቀስ የሚፈራርስ የካርቦን ዓይነት ነው፤ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ40 ሺህ ዓመት በኋላ የሚቀረው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ናሙና ላይ 1 በመቶ የዘመናችን ካርቦን ቢደባለቅ ዕድሜው ወደ 33 ሺህ ይወርዳል። 7 ሺህ ዓመት እንደ ዋዛ ጠፋ! ሃርላ ላይ ነገሩ ቀለል ይላል። በዚህች የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ በተገኘባት ጥንታዊ ከተማ፣ 800 ዓመት ያስቆጠረ ከሰል ላይ ያው 1 በመቶ ቢገባ ስሕተቱ 10 ዓመት ቢሆን ነው።

አሜሪካዊው ኬሚስት ዊላርድ ሊቢ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲጀምር በግራም የሚቆጠር ካርቦን ያስፈልገው ነበር። አቶሙ እስኪፈራርስ ይጠበቃላ። እ.ኤ.አ. ከ1977 ወዲህ ግን አክስለሬተር ያለው ማስ ስፔክትሮሜትር (አቶሞችን አፍጥኖ በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ) አቶሞቹን ራሳቸውን ይቆጥራል፤ 1 ሚሊግራም ካርቦን ይበቃዋል። ናሙናውን በጋዝ መልክ የሚቀበሉት አዳዲሶቹ ደግሞ በጥቂት አሥር ማይክሮግራም ይሠራሉ። አንዲት የከሰለች የጤፍ ፍሬ ለብቻዋ ልትለካ ትችላለች።

ናሙናው ባነሰ ቁጥር ግን ብክለቱ ይገንናል። በዝግጅቱ መሀል 1 ማይክሮግራም ባዕድ ካርቦን ቢገባ፣ ለ1 ሚሊግራም ናሙና 0.1 በመቶ ነው፤ ለ50 ማይክሮግራም ግን 2 በመቶ። ስለዚህ ናሙናው የሚቃጠልበት የኳርትዝ ቱቦ አስቀድሞ 900 ዲግሪ ላይ ይጋላል። ከሰሉ በአሲድ፣ በአልካሊ፣ እንደገና በአሲድ ይታጠባል። የቀንድ አውጣ ክዳን ከሆነ የላይኛው ሽፋኑ በቀጭን አሲድ ይላጣል። ከሁሉም በላይ፣ ካርቦን-14 የሌለው፣ መጠኑ ከናሙናው እኩል የሆነ ባዶ ናሙና አብሮ ይለካል፤ በእሱ ላይ የሚታየው ካርቦን-14 በዝግጅቱ የገባው ብክለት ነውና ከውጤቱ ይቀነሳል። የ1 ሚሊግራም ባዶ ለ50 ማይክሮግራም ማረሚያ አይሆንም። ይህን የዘለለ ውጤት ባይታመን ይሻላል።

ቀንድ አውጣ ደግሞ ሌላም ጣጣ አላት። የኖራ ድንጋይ ስለምትበላ፣ ጥንታዊው ካርቦን ዕድሜዋን ከእውነቱ ሊያስረዝመው ይችላል። ይሄ በማጠብ አይለቅም። በዚያው አካባቢ ባለው ጎዳ ቡቲቻ ዋሻ ከሬዲዮካርቦን ጎን፣ የአሸዋ ቅንጣቶች ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያዩበትን ጊዜ የሚለካ ዘዴም ሥራ ላይ ውሏል።