የፀረ-አረም ቅሪት ምርመራ በአፈርና በአትክልት

ማሳ ላይ የተረጨ ፀረ-አረም ሁሉ እኩል ዕድሜ የለውም። ቱ-ፎር-ዲ ሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ በሳምንታት ጊዜ በረቂቅ ተሕዋስያን ይፈርሳል፤ በቆሎ ላይ የተረጨ አትራዚን ግን ወራት ቆይቶ በቀጣዩ ወቅት የሚተከለውን አትክልት ሊጎዳ ይችላል። ግላይፎሴት ሲፈርስ አምፓ የተባለ ውህድ ስለሚተካው፣ ምርመራው ሁለቱንም ይፈልጋል። (አምፓ ከአንዳንድ የልብስ ሳሙናዎችም ይመጣል፤ በፍሳሽ ውሃ የሚለማ መሬት ላይ ይህ መዘንጋት የለበትም።)

ስህተት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ላብራቶሪ ሳይደረስ ነው። አፈር ከአንድ ጥግ ተዝቆ አይላክም፤ ማሳውን በዚግዛግ እየዞሩ ከብዙ ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተወስዶ ይደባለቃል፤ ከድብልቁም ጥቂቱ ይላካል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል መመሪያ ለቲማቲም ቢያንስ 10 ፍሬና 1 ኪሎ፣ ለጥቅል ጎመን ቢያንስ 5 ራስና 2 ኪሎ ይጠይቃል። ናሙናው አይታጠብም፤ ሙዝ እንኳ ከነልጣጩ ይፈጫል። ልጦ ለሚበላ ሰው ግራ ያጋባ ይሆናል፣ ሕጋዊው ወሰን ግን የሚመለከተው ለገበያ የቀረበውን ምርት ነው።

ብዙ ላብራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ካቸርስ የተባለው ዘዴ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በመጀመሪያው አሠራር 10 ግራም የተፈጨ ናሙና ቱቦ ውስጥ ገብቶ 10 ሚሊ ሊትር አሴቶናይትራይል የተባለ አሟሚ ፈሳሽ ይጨመርበትና ይናጣል። ቀጥሎ 4 ግራም ማግኒዝየም ሰልፌትና 1 ግራም ጨው ሲገባበት ቱቦው እጅ ላይ ይሞቃል። በሴንትሪፉጅ ሲሽከረከር ውሃው ከታች ቀርቶ አሴቶናይትራይሉ ኬሚካሉን ይዞ ከላይ ይንሳፈፋል። ናሙናው ቆስጣ ከሆነ ይህ ፈሳሽ ድፍን አረንጓዴ ነው፤ መሣሪያውን እንዳያቆሽሽ በካርቦን ዱቄት ይጠራል። ከዚያ ውህዶችን በሚለያይ ክሮማቶግራፍና በክብደታቸው በሚለይ ማስ ስፔክትሮሜትር በመቶዎች የሚቆጠሩ ውህዶች በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ።

ችግሩ፣ እኛ አገር በብዛት ከሚረጩት መካከል ሁለቱ ከዚህ ወንፊት መሹለካቸው ነው። ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ አሲድ በመሆኑ፣ ለማጥሪያ የሚገባው ፒኤስኤ የተባለ ዱቄት ይዞ ያስቀረዋል። ከተክሉ ስኳር ጋር የተጣበቀውን ለማስለቀቅም ናሙናው በአልካሊ መታከም አለበት። ግላይፎሴት ደግሞ ከውሃው ወጥቶ ወደ አሴቶናይትራይሉ አይሻገርም፤ ለአትክልት አሲድ በተጨመረበት ሜታኖል የሚሠራ የራሱ ምርመራ አለው፤ ይህም ተጨማሪ ወጪ ነው። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚል የምርመራ ወረቀት የያዘ ሰው መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ምን ምን እንደተፈለገና መሣሪያው እስከ ስንት ዝቅ ብሎ እንደሚለካ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ወሰን ላልወጣለት ውህድ የሚፈቅደው በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ነው፤ እስከ 0.05 ብቻ የሚለካ ላብራቶሪ የሰጠው ወረቀት ወደዚያ ለሚልክ ነጋዴ አይጠቅምም።

መሣሪያ በሌለበት ዘር ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪታንያ አሚኖፒራሊድ የተባለ ፀረ-አረም የተረጨበትን ሣር ከበሉ ከብቶች የመጣ ፍግ የብዙ ጓሮዎችን ቲማቲምና ድንች አጣሞ ነበር። እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ ለማጣራት በአንድ ማሰሮ የተጠረጠረው አፈር፣ በሌላው ንጹሕ አፈር ተደርጎ ባቄላ ይዘራል። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያው ብቻ ቅጠሉ ተጨማዶ ጫፉ ከተጠቀለለ፣ አፈሩ ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ሙከራው የኬሚካሉን ስምና መጠን አይናገርም፤ አፈር አጥብቆ የሚይዘውን ግላይፎሴትንም አያሳይም።