ለትራክ የምትሆን መኪና በፈረስ ጉልበት አትመረጥም

ጋራዤ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የአገሬ ልጆች ናቸው፤ የሚያመጡልኝም ታክሲና የቤተሰብ መኪና ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እዚህ ያደጉ ልጆቻቸው ሌላ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ «ጋሼ፣ ለትራክ የሚሆን የስፖርት መኪና ልገዛ ነው፤ ፈረስ ጉልበቱ ስንት ቢሆን ይሻላል?» ትራክ የሚሉት ለምሳሌ ሰሚት ፖይንትን ነው። ከዋሽንግተን ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጉዞ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ይገኛል፤ ዋናው ትራክ 3.2 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 10 ኩርባዎች አሉት። ሰው በተወሰነለት ቀን ከፍሎ ይገባና እግረኛም፣ መብራትም፣ የፍጥነት ገደብም በሌለበት የራሱን መኪና ይነዳል። እኔም ሲመቸኝ ቅዳሜና እሁድ ከጀማሪዎች ጎን ተቀምጬ አስተምራለሁ።

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ መመለስ ሰልችቶኛል። ከእሱ ጋር ተያይዘው የሚመጡትን ሌሎች ስህተቶችም እንዲሁ። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ ላስፍራቸው።

«ጉልበት ያላት መኪና ትሻላለች»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ኪስ ያራቁታል፣ ሰውም ያስጎዳል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ከ600 በላይ ፈረስ ጉልበት ያላት ባለ አራት በር መኪና ገዝቶ መጣ። ከነሹፌሯ 2,000 ኪሎ የምትጠጋ ናት። የፍሬን ዘይቷን ልቀይርልህ ስለው «ጋሼ፣ ሰርቪስ ተደርጋ ነው የገዛኋት» ብሎኝ ሄደ። በአራተኛው ዙር፣ በረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። መኪናዋ ትራኩን ለቅቃ ሣሩን እያረሰች ሄዳ መኪና እንዲያቆም ከተደረደረው የጎማ ክምር ጥቂት ሜትር ሲቀራት ቆመች። ደርሼ በሩን ስከፍትለት እጁ መሪው ላይ እንደ ደረቀ ነበር፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ።

አገር ቤት የነዳ ሰው የሆነውን ወዲያው ይረዳዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል እንጂ ፍሬን ላይ ተኝቶ አይወርድም። ፍሬን ላይ የተኛ ሰው መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፣ ቀጥሎ ፍሬኑ እምቢ ይላል። ትራክ ላይ ያ ቁልቁለት በየአንድ ደቂቃ ተኩሉ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ልዩነቱ መሬቱ ሜዳ በመሆኑ አደጋው ለዓይን አለመታየቱ ነው።

በቁጥር ላስረዳ። ፍሬን የመኪናዋን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ሙቀቱ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር በእጥፍ ያድጋል፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ማዝዳ ሚያታ የተባለችው ትንሽ ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ከነሹፌሯ 1,150 ኪሎ ሆና በሰዓት ከ170 ኪሎ ሜትር ወደ 80 ስትወርድ የሚፈጠረው ሙቀት ሦስት ሊትር የቧንቧ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። የዚያ ወጣት መኪና ጉልበቷ ወደ 210 ያደርሳታል፤ ከዚያ ወደ 80 ስትወርድ ዘጠኝ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ውሃ ታፈላለች። ይህ በአንዲት ኩርባ መግቢያ ላይ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሚሆን ነው። ከዚያ ቀጣዩ ኩርባ ይመጣል፣ ከዚያ ቀጣዩ፤ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው የፍሬን ዲስክ የሚቀዘቅዝበት ፋታ የለም።

ሙቀቱ ዲስኩን ከሚይዘው የፍሬን ሸራ አልፎ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይደርሳል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ደንቡ ያስገድዳል። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የጠጣው ዘይት መስፈርት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። የዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ እግር የሚገፋው እንፋሎቱን ይሆንና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ያ ልጅ መኪናዋን ከገዛበት ዋጋ አንጻር ኢምንት በሆነ ገንዘብ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚችል ዘይት ይገባለት ነበር።

ሙቀት በፍሬን ብቻ አያበቃም። የሞተር ዘይት፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል ሁሉም ይግላሉ። በከተማ መንገድ 600 ፈረስ ጉልበት የሚሠራው ለሦስት ወይም ለአራት ሰከንድ ነው፤ ትራክ ላይ ግን ሃያ ደቂቃ በሚፈጅ አንድ ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ ይጠየቃል። ስለዚህ መኪና ስትመርጡ ስንት ጉልበት እንዳላት ሳይሆን ሙቀቷን በምን እንደምታስወጣ ጠይቁ። ሸቭሮሌ ካማሮ ኤስኤስ 1ኤልኢን ለአብነት ብንወስድ 455 ፈረስ ጉልበት አላት፤ ነገር ግን ለሞተሩም፣ ለካምቢዮውም፣ ለዲፈረንሻሉም ማቀዝቀዣ ከፋብሪካ ተገጥሞላት ነው የወጣችው። ሆንዳም በ2020 ሲቪክ ታይፕ አርን ሲያድስ ጉልበቷን አልነካም፤ የፊት አየር ማስገቢያዋን በ13 በመቶ አሰፋና የራዲያተሯን እምብርት ቀየረ። የሚያውቁ መሐንዲሶች ገንዘባቸውን የት እንዳዋሉት ከዚህ ይታያል።

ሌላም ነገር አለ። ጉልበት የተማሪን ስህተት ይሸፍናል። ኩርባውን አበላሽቶ የወጣ ሰው ነዳጅ ረግጦ በቀጥታው መንገድ ላይ ያካክሰዋል፤ ምን እንዳጠፋም ሳያውቅ ይውላል። 181 ፈረስ ጉልበት ያላት ሚያታ ውስጥ ግን ኩርባውን ያበላሸ ሰው እስከሚቀጥለው ፍሬን ድረስ ቅጣቱን ይቀምሳል። ቶዮታ በ2012 ያወጣት 86 የተባለችው መኪና ከፋብሪካ የወጣችው 215 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው መካከለኛ ጎማዎች ነበር። ብዙ ሰው ይህን ጉድለት አድርጎ አወራው፤ እኔ ግን ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም፤ ጎማው መልቀቅ ሲጀምር በቀስታና በዝቅተኛ ፍጥነት ነው የሚናገረው።

«ትራክ ከመግባቷ በፊት መቀየር አለባት»

ልጁ ትራክ በዓይኑ ሳያይ ሞላዋን አሳጥሮ፣ የጭስ ድምፅ የምታፍነውን ማርሚታዋን አስወልቆ፣ ሰፊ ቸርኬ አስገጥሞ ይመጣል። ሞላ ሲያጥር ንዝረት የሚውጠው አሞርዛተር የሚንቀሳቀስበት ቦታም አብሮ ያጥራል። መኪናዋ በኩርባ መካከል የትራኩን ከፍ ያለ ጠርዝ ስትረግጥ አሞርዛተሩ መጨረሻው ላይ ይመታል፤ በዚያች ቅጽበት ጎማው አስፋልቱን ይለቃል። በእንዲህ ያለች መኪና ተቀምጬ አስተምሬ አውቃለሁ፤ ባለቤቷ ቀኑን ሙሉ «ለምን ትወረወራለች?» ይለኝ ነበር። ጓደኛው ያንኑ ሞዴል ምንም ሳይነካት ይዞ መጥቶ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ይኸው የእሷ ባለቤት እጁን በመስኮት እያወጣ «እለፍ» ብሎ ጓደኛውን አሳለፈው። ማርሚታውን በተመለከተ ብዙ ትራኮች የድምፅ ገደብ አላቸው፤ የካሊፎርኒያው ላጉና ሴካ በዚህ የታወቀ ነው። ከገደቡ ያለፈ መኪና የተከፈለበትን ቀን ቆሞ ያሳልፋል።

የትልልቅ ዲስኮች ነገርም አለ። መኪና የምታቆማት ጎማዋ ናት። የፋብሪካው ፍሬን ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ሥርዓት) እስኪነሳ ድረስ መያዝ ከቻለ፣ ትልቅ ዲስክ የመቆሚያውን ርቀት አያሳጥርላችሁም። የትልቅ ዲስክ ጥቅም ሙቀትን ደጋግሞ መቻሉ ነው፤ ያንን ደግሞ ለቀላል መኪና ጥሩ ሸራና ጥሩ ዘይት ይሰጧታል።

በደህና ይዞታ ላይ ላለች መኪና ለመጀመሪያው ቀን የምሠራው ይህንን ብቻ ነው፦ የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ እቀይራለሁ። ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ አስገባለሁ፤ ሸራው ሲቀዘቅዝ በደንብ ስለማይዝና ስለሚጮህ በማግስቱ ወደ መደበኛው እመልሰዋለሁ። የሞተር ዘይቱን አድሳለሁ። የቸርኬ ብሎኖቹን በመለኪያ ቁልፍ እንጂ በጉልበት አላጠብቅም፤ ትራክ ላይ መኪናዋ ስትቀዘቅዝ እንደገና አያቸዋለሁ። ጎማው ላይ የተጻፉትን አራት አኃዞች አነባለሁ፤ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ የቱንም ያህል ቢተርፍ ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ አላስገባም፤ ላስቲኩ ደርቋል። የጎማው ነፋስ ሲግል ስለሚጨምር ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ ወዲያው እለካና አስተነፍሳለሁ። ከዚህ በላይ የተረፈ ገንዘብ ካለ ለሁለተኛና ለሦስተኛ የትራክ ቀን ይዋል።

መኪናዋ ከትራክ ስትወጣ የእጅ ፍሬን አትሳቡ። የጋለ ሸራ በጋለ ዲስክ ላይ ተጣብቆ ሲቆይ አሻራውን ትቶ መኪናዋ በኋላ ትንቀጠቀጣለች። ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት አድርጉ፤ የአገር ቤት የመኪና ረዳት ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው።

«ፖርሽ ከሆነች ትችላለች»

የቷ ፖርሽ? ከ1997 እስከ 2008 ሞዴል ያሉ ብዙ ቦክስተሮች፣ ኬይማኖችና መደበኛ 911ዶች ሞተራቸው ውስጥ ያለች አንዲት ኩሽኔታ ስትሰበር ሞተሩን ይዛው እንደምትሄድ የታወቀ ነው። ከ2009 ወዲህ የመጣው አዲሱ ሞተር ያቺ ኩሽኔታ የለችውም። ኬይማን ድንቅ የትራክ መኪና ናት፤ የምትገዙት ግን ስሟን ሳይሆን ዓመተ ምሕረቷንና የሰርቪስ መዝገቧን ይሁን።

«አራቱም ጎማዋ ስለሚጎትት አትንሸራተትም»

ነዳጅ ሲረግጡ ይረዳል። ሲያቆሙ ግን የትኛዋም መኪና በአራቱም ጎማዋ ነው የምትቆመው፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ተጨማሪው ክብደት ይጎዳል።

«አውቶማቲክ ለትራክ አይሆንም»

የዛሬዎቹ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮዎች ከማንኛውም እጅ ፈጥነው ይለውጣሉ። አይሆንም የምለው ማርሽ የሌለውን፣ ሲቪቲ የሚባለውን አውቶማቲክ ነው፤ በቶሎ ይግላል።

«ውድድር ነው»

አይደለም። ማለፍ የሚቻለው በተመደበ ቦታ፣ ያውም የፊተኛው አሽከርካሪ በእጁ ሲፈቅድ ነው። ጀማሪ አጠገቡ አስተማሪ ይቀመጥለታል፤ ሰዓትም አይያዝለትም። የቶዮታ ጂአር86 አዲስ ገዢዎች በአሜሪካ ከመኪናዋ ጋር የትራክ ቀናትን የሚያዘጋጀው የናሽናል አውቶ ስፖርት አሶሲዬሽን የአንድ ዓመት አባልነትና አንድ የትራክ ሥልጠና ቀን ሲሰጣቸው ቆይቷል። ይህን ዕድል ሳይጠቀሙበት አሳልፈው፣ ቢያውሉት ለብዙ የትራክ ቀን የሚበቃ ገንዘብ ለድምፅ ማርሚታ የከፈሉ ልጆች አይቻለሁ፤ አሁንም ያበሳጨኛል።

«ኢንሹራንስ አለኝ»

ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ። አብዛኞቹ የግል መኪና ውሎች በትራክ ላይ የሚደርስን ጉዳት በግልጽ ያስቀራሉ። አንድ ደንበኛዬ በባንክ ብድር የገዛትን መኪና ግድግዳ ላይ ጣላት፤ ኢንሹራንሱ አልከፈለም፤ እሱ ግን ለሌለች መኪና በየወሩ ይከፍል ነበር። ለአንድ ቀን ብቻ የሚገዛ የትራክ ኢንሹራንስ አለ፤ ከመሄድ በፊት ይገዛ። ከዚያም በላይ መኪና ስትመርጡ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዛሬ እሁድ ብትሰባበር ሰኞ በምን ሥራ እሄዳለሁ? መልስ ካጣችሁ ያቺ መኪና ለትራክ ውድ ናት፤ ዝቅ ያለችውን እዩ።

«የሞተር ሳይክል ሄልሜት ይበቃል»

ውስጡ የተለጠፈውን ምልክት እዩ። ኤም (M) የሚለው ለሞተር ሳይክል ነው፤ ለመኪና የሚሠራው ኤስኤ 2020ን (SA2020) የመሰለው ነው፤ እሳት መቋቋሙም ተፈትኗል። ብዙ የትራክ ቀን አዘጋጆች ኤም የሚለውን ከበር ይመልሳሉ።

«ሚያታ ጣሪያ ስለሌላት አደገኛ ናት»

ይህ ግማሽ እውነት ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልሰው፤ ለብዙዎቻችሁ የምመክራት መኪና እሷ ናትና። ከ1989 ጀምሮ እየተሠራች ነው፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች፣ መለዋወጫዋም በየቦታው አለ። ብትገለበጥ ግን ጨርቁ ጣሪያ አያድናችሁም። ስለዚህ ብዙ አዘጋጆች ከመቀመጫው ጀርባ ጠንካራ የብረት ቅስት ካልተገጠመላት አያስገቧትም። ከተገጠመ በኋላም ከቅስቱ አናት እስከ ፊት መስታወቱ አናት ቀጥ ያለ ዘንግ ያስቀምጡና ሄልሜት ያደረገው ሹፌር ራስ ከዘንጉ በታች መሆኑን ያያሉ። መኪናዋ ትንሽ ስለሆነች ቁመታም ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። ቁመታችሁ ከ1.80 ሜትር በላይ ከሆነ ሄልሜታችሁን ይዛችሁ ወደ ሻጩ ሂዱ፤ ሄልሜቱን አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ ሌላ ሰው ዘንጉን ይያዝላችሁ፣ ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ክፈሉ።